ወይራው ሲንኳኳ

ባለፈው ኅዳር ለሚካኤል በዓል ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ታቦር ወጥቼ ነበር። ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ከታናሽ ወንድሜ ከይርጋ ጋር በቤተ ክርስቲያኑ ደን ውስጥ ስንዘዋወር ኳ! ኳ! የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀጥ ብዬ ቆሜ የይርጋን ክንድ ያዝሁ። ዞር ብል አንዲት ወጣት ሜትር በአንገቷ አጥልቃ ግንድ በመዶሻ ታንኳኳለች። ደኑ ስንት ዓይነት ዛፍ እንዳለው፣ ምን ያህል ካርቦን እንደያዘ ለማጥናት ከዩኒቨርሲቲ የመጣች ናት።

"ምን ሆንሽ እታለም?" አለኝ ይርጋ። ጠየቀኝ እንጂ የእሱም ፊት ተለዋውጦ ነበር። ተያየንና ሳቅን። ልጅቷ ሁለት አዛውንቶችን ምን እንዳሳቃቸው ሳይገባት ሥራዋን ቀጠለች።

ብሔራዊ ውትድርና በመጣ ሰሞን እኔ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኜ ውጤት የምጠብቅ ኮረዳ ነበርሁ። አባታችን ሞቷል። ታላቅ ወንድማችን ወደ ሰሜን ዘምቶ ወሬው ከጠፋ ቆይቷል። እናቴ ከፖስታ ቤት ባዶ እጇን በተመለሰች ቁጥር እህል ከአፏ አይገባም ነበር። የቀረላት ይርጋ ነው። ለሚቀጥለው ዙር እሱም እንደተመለመለ ስንሰማ እናቴ አላለቀሰችም፤ በማግስቱ ግን ይርጋ ቤት ውስጥ አልነበረም። ለጠየቀን ሁሉ "አንበሳሜ አጎቱ ዘንድ ሄዷል" እንላለን። ውሸቱን የፈጠርሁት እኔ ነኝ። አንበሳሜ እንኳን አጎት የሚያውቀን ሰው የለንም።

እሱ ግን ብዙም አልራቀም። በሚካኤል ደን መካከል አንድ ያረጀ ወይራ አለ፤ ውስጡ ሰው የሚይዝ ክፍት ነው። መግቢያውን በዳገቱ በኩል አጋም ስለሸፈነው ያላወቀ ሰው አያየውም። እናቴ ጧት ጧት ኪዳን ለማድረስ ስትሄድ በነጠላዋ ሥር በሶና ውኃ ትይዛለች፤ ስትመለስ ባዶዋን ነች። ጎረቤቱ "ምን ያለች ጸሎተኛ ሆነች!" ይላት ነበር። እውነትም ጸልያለች፤ እንደዚያ ዘመን የጸለየችበትን ጊዜ አላስታውስም።

በዚያው ሰሞን ከደን ጽሕፈት ቤት አንድ ባለሙያ መጡ። አቶ ታደለ ይባላሉ፤ ኮፍያቸው ከራሳቸው የሰፋ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። ሜትር የሚይዝላቸው የተማረ ሰው ሲፈልጉ እኔ ተቀጠርሁ። የምንለካው ባሕር ዛፍ ነው ስለተባልሁ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። በጋፋት በኩል ስንለካ አረፈድን። ገብሱ ደርሶ እርሻው ሁሉ ቢጫ ሆኗል፤ ከአጨዳው የሚመጣው የገለባ ሽታ አፍንጫ ይኮረኩራል። አጃቢያችን የገበሬ ማኅበሩ ታጣቂ አበጀ ነበር። የሰፈሩን ልጆች ለውትድርና የሚያፍሰውም እሱ ነው። ጠመንጃውን አንግቶ፣ ኪሱን ቆሎ ሞልቶ ቀኑን ሙሉ ይቆረጥማል።

ቀትር ላይ አቶ ታደለ ሜትሩን ጠቅልለው፣ "በሉ፣ አሁን ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑን ደን እንይ" አሉ።

ይርጋ ያለው እዚያ ነው። ሮጬ እንዳልነግረው አበጀ ከጎኔ ነው፤ አመመኝ ብዬ ብቀር ደግሞ ወይራው ጋ ያለ እኔ ይደርሳሉ። ቄሰ ገበዙ "ቅጠል እንኳ እንዳትቀነጥሱ፤ ግዝት ነው" ብለው ፈቀዱ። ግንድ መብሳት ስለማይቻል አቶ ታደለ በመዶሻ እያንኳኩ የዛፉን ውስጥ በድምፁ ይለያሉ። ክፍት የሆነ ዛፍ የያዘው እንጨት ያነሰ ነውና።

ጽዱን፣ ኮሶውን፣ ብሳናውን፣ ጥቁር እንጨቱን እያንኳኳን ወደ መሀል ገባን።

"ጌታው፣" አለ አበጀ፣ "ባሕር ዛፉ ቀጥ ብሎ ቆሞላችሁ ሳለ ይኸን ጎባጣ ሁሉ መለካት ምን ይረባል?"

"ባሕር ዛፉ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ በአንድ መሶብ ይሻማል" አሉ አቶ ታደለ። "እዚህ ግን አንዱ ፀሐዩን ከላይ ይወስዳል፣ ሌላው በጥላው ሥር የተረፈውን ይለቅማል። ያኛው ቶሎ ይረዝማል፣ ወይራው በዝግታ ይከብዳል። ስለዚህ ብዙ ይይዛሉ። እንጨት ማለት'ኮ ዛፍ ከአየር የበላው ነው።"

"አየር በልቶ መወፈር ካለማ እኛ ይኸን ጊዜ ጎተራ አክለን ነበር!"

ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። የዚያን ቀን ግን ዓይኔ ከወይራው አልነቀል አለ።

ደረስን። አበጀ ጠመንጃውን ግንዱ ላይ አስደግፎ ሥሩ ላይ ተቀመጠና ቆሎውን ያዘ። እኔ ሜትሩን ለማዞር በአጋሙ በኩል ገባሁና ቀዳዳውን በቀሚሴ ከልዬ ቆምሁ። አቶ ታደለ አንኳኩ። ከበሮ የመታ ያህል አስተጋባ። መዶሻውን እንደያዙ ዞረው ወደ እኔ መጡ። በቀዳዳው ጠርዝ፣ ከቅርፊቱ ላይ፣ የበሶ ዱቄት ተራግፏል። ዱቄቱን አዩት፤ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ዓይኔን መስበር እንኳ አቃተኝ።

"ይኸ ወይራ'ኮ ክፍት ነበር" አለ አበጀ እየተነሣ። "ልጅ ሳለን ዝናብ እንጠለልበት ነበር።"

አቶ ታደለ ዱቄቱን በእጅጌያቸው ጠረግ አደረጉና ወደ አበጀ ተመለሱ። ከታች፣ ሥሩ በወፈረበት በኩል መቱት። ድምፁ ድፍን ነበር።

"ስማው፣ ሙሉ ነው! ዛፍ ዕድሜ ካገኘ ቁስሉን ይሸፍናል።"

አበጀ ግን በዚህ አልረካም። ጠጋ ብሎ ጆሮውን ግንዱ ላይ ለጠፈ። እንደዚያ ሆኖ ቆየ። ይርጋ በዚያን ጊዜ ጉንፋን ይዞት ያስለው እንደነበር አውቃለሁ። ሚካኤልን ምን ብዬ እንደለመንሁት ግን ዛሬም አላውቀውም።

"እውነትም፣" አለ በመጨረሻ፣ "ሙሉ ነው።" ጠመንጃውንም አነሣ።

ወደሚቀጥለው ጽድ ስንሄድ አበጀ ጫማውን ለማሰር ወደ ኋላ ቀረት አለ። እኔ ወደ ኋላ ሳላይ እራመዳለሁ። ከደኑ ስንወጣ አቶ ታደለ ቀስ ብለው፣ "ወንድም አለሽ?" አሉኝ።

"ሁለት ነበሩኝ። አንዱ ዘምቷል።"

"ሌላውስ?"

ሜትሩን ጠቅልዬ ሰጠኋቸው።

"ሌላውን እግዜር ይጠብቅልሽ" ብለው ኮፍያቸውን አስተካክለው ሄዱ። ቤቴ ስገባ እናቴ ደጃፍ ላይ ቆማ ነበር። ገና "እማዬ" ከማለቴ እንባዬ ቀደመኝ፤ ተቃቅፈን አለቀስን። እንደዚያ ያለ ጣፋጭ ለቅሶ ዳግመኛ አላለቀስሁም።

በማግስቱ ይርጋ ለእናቴ የነገራት ነገር ግን ሁላችንንም አስደነቀን። እኛ ራቅ ስንል አንድ እጅ በአጋሙ መካከል ገብቶ ጭብጥ ሙሉ ቆሎ አፍስሶለታል።

ይርጋ ወደ ይፋግ ወርዶ፣ በዘመድ ቤት ተሸሽጎ ያን ክፉ ጊዜ አለፈው። ታላቁ ወንድማችን አልተመለሰም። አበጀ መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣ "አንበሳሜ ያሉት አጎትሽ ደኅና ናቸው?" ይለኝ ነበር። "ደኅና ናቸው፣ እግዜር ይስጥልኝ" እለዋለሁ። ከዚያ ሌላ ስለ ነገሩ ተነጋግረን አናውቅም። ስንቱን ልጅ ከእናቱ ጉያ እንደወሰደ አውቃለሁ፤ የእኛን ግን ትቶልናል። ስሙ ሲነሣ መራገምም መመረቅም ያቅተኛል፤ ብዙውን ጊዜ ግን መመረቁ ይቀድመኛል።

የዩኒቨርሲቲዋ ልጅ ወይራው ጋ ስትደርስ እኔና ይርጋ ተከትለናት ነበር። አንኳኳችው፤ ያው ከበሮ።

"ይኼኛው ባዶ ነው" አለችን። "ትልቅ ቢመስልም ብዙ አልያዘም።"

ይርጋ ከዘራውን ተደግፎ ግንዱን ሽቅብ አየው። "ልክ ነሽ ልጄ፣ አሁን ባዶ ነው" አላት። "ያኔ ግን እኔ ነበርሁበት።"

ልጅቷ የሚቀልድባት መስሏት ወደ እኔ ዞረች። እውነት መሆኑን በራሴ ነቀነቅሁላት። ያን ቀን እዚህ ቦታ ላይ የያዝሁት ትንፋሽ ገና አሁን የወጣ መሰለኝ። ይርጋ ከኪሱ ቆሎ ዘገነና፣ "እንኪ፣ ቆርጥሚ" አላት።