ስብሰባው ያሞቀው ክፍል

ከድሬዳዋ የወጣሁበት ማታ እናቴ ባቡር ጣቢያ ድረስ ልሸኝሽ ብላ አስቸገረችኝ። ሸኚ ያለው ሰው ሩቅ ሂያጅ ይመስላል ብዬ ከደጃፋችን መለስኳት። ነገሩ ሲበርድ እመለሳለሁ አልኳት፤ እውነቴንም ነበር። ከዚያ ሽንኩርትና ቲማቲም ጅቡቲ አድርሰው፣ ሲመለሱ ልብስ በልብስ ላይ ደራርበው ከሚመጡት ነጋዴ ሴቶች መሐል ገብቼ ዘንቢሌን ታቅፌ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ያለችው ሴት አየችኝ፣ አየችኝና፣

«አቦ፣ አንቺ ልጅ! ነጋዴ ዘንቢሉን እንደ አራስ ልጅ ያቅፋል እንዴ? ጣይው ወዲያ!» ብላ በእግሯ ከወንበሩ ሥር ገፋችው። ከሥሩ የደበቅኳቸው መጽሐፎቼ እንዳይታዩ ነጠላዬን ጣል አደረግሁበት።

ለምን እንደሄድኩ ድሬ ያላችሁ ሰምታችኋል። የሰማችሁት ግን የተጨማመረበት ነውና ልኩን ልጻፍ።

ሥራዬ ከዚራ ሰፈር ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ለኮምፒዩተር ካርድ መብሳት ነበር። ደመወዙም፣ የመጋዘኑም ዕቃ ካርድ ላይ ቀዳዳ ይሆናል፤ ማሽኑ ቀዳዳውን ያነባል። እኔ ራሴ ፊደል የቆጠርኩት እኩዮቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ሲያስገቡ ነውና፣ ቀዳዳ የሚያነብ ብረት ሲመጣ አልናቅሁትም። ይህ ማሽን ሙቀት አይችልምና ማቀዝቀዣ ተገጠመለት። ስለዚህ ከተማው ሁሉ ከምሳ በኋላ ሽርጡን አገልድሞ ጥላ ፍለጋ በሚጋደምበት ሰዓት፣ በመሥሪያ ቤታችን ቀዝቃዛ ክፍል ያለው እሱ ብቻ ነበር።

ይህን የውይይት ክበባችን ጓድ ሊቀመንበር ደረሰበት። መጀመሪያ «ማሽኑን ልጎብኝ» ብሎ መጣና ጎበኘ። በማግሥቱም ጎበኘ፣ ወንበር አስመጥቶ። ትንሽ ቆይቶ «ሠራተኛው ከቴክኖሎጂ ጋር እንዲተዋወቅ» ተባለና ስብሰባው ከአዳራሹ ወደ ማሽኑ ክፍል ተዛወረ። ቀሪ የሚባል ሰው ጠፋ! ታሞ የነበረ ሁሉ ድኖ መጣ። በሩ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ሲጋራ ይጨሳል፣ ይጨበጨባል። አንድ ቀን፣ ደመወዝ ሊወጣ ሲል፣ ማሽኑ አቃሰተና ቆመ።

«ይህ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው!» አለ ሊቀመንበሩ። «ማነው ያቆመው?»

ወደ እኔ ዞረ።

«ማሽኑን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ማነው?»

«ስብሰባው ነው» አልኩት።

«ምን አልሽ?»

«ክፍሉ ሞቀ። ያቆመው የሰው ትንፋሽ ነው።»

ዘበኛው ከኋላ «ወላሂ እውነቷን ነው፣ እኔንም ላብ ጀምሮኝ ነበር!» ሲል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ያጠፋኝ ያ ሳቅ ነው። በንግግሬ ብቻ ቢሆን ግለ ሒስ አውርጄ እተርፍ ነበር። በማግሥቱ «አሻጥረኛዋ» ተባልኩ። በዚያ ስም የተጠራ ሰው የት እንደሚያድር ታውቃላችሁ፤ እኔ ባቡሩን መረጥኩ።

ጅቡቲ ስደርስ ድሬዳዋ ቀዝቃዛ አገር እንደሆነች ገባኝ። ከድሬ አቅራቢያ ከጀልዴሳ የሚመጣውን የግመል ወተት ለምዶ ያደገ ሰው እዚህ የፈረንጅ ወተት ከጣሳ ይቀዳለታል። ዳቦው ባጌት ይባላል፤ ቁመቱ የዱላ ነው፣ ጠዋት ለስላሳ፣ ማታ ግን ዱላነቱ ይበረታል። ለመመዝገብ ፖሊስ ጣቢያ ስቀርብ ሶማልኛ መቻሌ በጀኝ።

«ሥራሽ?» አለኝ ፖሊሱ ጫቱን ወደ ጉንጩ ገፍቶ።

«ካርድ እበሳለሁ።»

«ምን አድርጎሽ?»

«ማሽኑ ቀዳዳውን እንዲያነብ ነው።»

«አንቺ ትበሺያለሽ፣ ብረት ያነባል፣ ለዚህ ደመወዝ ይከፈልሻል?»

«አዎ።»

«እኅቴ፣ ይህንን ብጽፍ አለቃዬ እኔን ነው የሚያስረኝ» አለና «ልብስ ሰፊ» ብሎ ጻፈልኝ።

ልብስ ሰፊዋ አንድ ፈረንሳዊ ነጋዴ ዘንድ ካርድ መብሳት ጀመረች፤ ሠራተኛው ሁሉ «ሙሴ» ይለዋል፣ በፈረንሳይኛ ጌታው እንደ ማለት ነው። የሙሴ ማሽን ክፍል ውስጥ ማንም አይገባም፤ እሱ ራሱ በመስተዋት አሻግሮ አይቶ ይሄዳል። ይበርዳል፣ ስለዚህ ሹራብ ገዛሁ። አከራዬ ሐሊማ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ስታየው ጮኸች።

«ናያ፣ አንቺ ሴት! ጅቡቲ ላይ ሹራብ? ጤናሽ ነው?»

«የምሠራበት ክፍል ይበርዳል።»

«ልብስ የሚሰፋው በረዶ ቤት ነው? ያ አላህ! በይ የመጋረጃዬን ጠርዝ እንኳ ስፊልኝ።»

መርፌ እንኳ በወጉ አላውቅም፤ ሰፋሁላት፣ ተጣሞም ተሰቀለ። የሙሴ ማሽን ቆሞ አያውቅም። እኔ ግን አንዳንዴ ሥራዬን ትቼ በሩን አያለሁ፤ ወንበሩን ተሸክሞ የሚገባ ሰው ያለ ይመስለኛል።

ባለፈው አርብ እናቴን ከዚራ ስልክ ቤት አስጠርቼ አገኘኋት።

«የኔ ነገር ተዘጋ ወይ፣ እማ? ልምጣ?»

«ማሽኑን አወጡት።»

«ወዴት?»

«መጋዘን። የስብሰባውን ቦታ አጣበበ ተብሎ።»

«እኔስ?»

«ስምሽማ በየስብሰባው ይነሳል፤ ዘበኛው ነው የነገረኝ። ያንቺን ነገር ከዘጉ ምን ያወራሉ? የክፍሉ ብርድ እንደሆነ ተመችቷቸዋል።»

ሳቄ አመለጠኝ። እሷ አልሳቀችም።

«አትምጪ» አለች። «ሙቀቱ መጥቷል፣ ግቢ ነው የምተኛው። ያንቺንም አልጋ ማታ ማታ ከኔ ጎን አወጣዋለሁ፣ ጠዋት አስገባዋለሁ።»

«ያ የብረት አልጋ? እማ፣ በዚያ ወገብሽ! ማን ያግዝሻል?»

መስመሩ ተቋረጠ። መልሱን አልሰማሁም።