ሐሊማ ያየችው ባሕር

ነገሌ ቦረና አራተኛ ክፍል ስማር ከሐሊማ ጋር አንድ ዴስክ እንጋራ ነበር። አባቷ ጅቡቲ ሲሞት፣ ገበያው ዳር ሱቅ ያለው አጎቷ ወደ ነገሌ አመጣት። ቀሚሷ ቴምርና ሳሙና ይሸታል። አማርኛዋ ገና ነበር፤ የጎደላትን በቤታቸው በሚነገረው ኦሮምኛ እየሞላች ነበር የምታወራው።

በእረፍት ሌሎቹ ቀዩ አፈር ላይ ሰኞ ማክሰኞ ሲዘሉ፣ እኛ ግራሩ ሥር ተቀምጠን ስለ አገሯ ስለ ጅቡቲ ታጫውተኛለች። ባሕር ዳር ስለቆሙ አሮጌ ነጫጭ መስጊዶች፣ አባቷ በመኪና ወስዶ ስላሳያት የጨው ሐይቅ። አንድ ቀን ከደብተሯ ልባስ ውስጥ ፖስት ካርድ አወጣች። ሐይቁ ራሱ ነበር፤ ውሃው ሰማያዊ፣ ዳሩ እንደ ወተት ነጭ። “አባቴ ነው የሰጠኝ። ለሰው እንዳትነግሪ” አለችኝ።

በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ መምህራችን ስለ ጎረቤት አገሮች ሲያስተምር፣ “ጅቡቲ ትንሽ ናት፤ ከወደቧ በቀር የሚታይ ነገር የላትም” አለ። ሐሊማ እጇን አወጣች።

“ቲቸር፣ ሐይቅ አለ። ዳሩ ጨው ነው። ሰው ቢገባ አይሰምጥም።”

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። መምህሩ ግን አልሳቀም።

“ሰው የማይሰምጥበት ውሃ! እኔን ልታስተምሪኝ ነው?” ወደ እኔ ዞረ። “አንቺ ጓደኛዋ ነሽ። እውነቷን ነው?”

ካርዱን አይቻለሁ ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። አርጩሜውን አየሁ። ፍርሃት ብቻ ነው ብል ግን ራሴን መሸንገል ይሆናል። እሷ ባሕር አይታ እኔ ከጎረቤት ከተማ ከወደራ አለማለፌ ሲያንገበግበኝ ከርሟል።

“ውሸቷን ነው ቲቸር። ሁሌም ትዋሻለች” አልኩ።

ሰሌዳው ፊት አንበርክኮ “ውሸታም ነኝ” አስባላት። ቃሉን ስታጣምመው፣ አጥርታ እስክትለው ደጋገመላት። ሁላችንም ሳቅን፤ እኔም ሳቅሁ። አላለቀሰችም። የምታየው እኔን ብቻ ነበር።

በእረፍት ልጆቹ ደብተሯን ሲቀሟት ካርዱ ወደቀ። ከበው አዩት፤ እውነቷን እንደነበር ገባቸው። ቢሆንም ቀደዱት።

ከዚያ ወዲያ ስሟ “ባሕሯ” ሆኖ ቀረ። ዓመቱ ሳያልቅ ትምህርቱን ተወች፤ አጎቷም ፊልቱ ከተማ ላሉ ዘመዶቹ ላካት።

እናቴ “የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም” ትል ነበር። እኔ ወጊዋ ግን ይኸው እስከ ዛሬ አልረሳሁም። አሁን ልጄ ስልኳን ነካ አድርጋ ያን ሐይቅ ታሳየኛለች፤ ቱሪስቶች በጀርባቸው ተንሳፍፈውበት ሲስቁ። በእኛ ጊዜ ለዚህ አንዲት ልጅ ተንበርክካለች።

አምና ነገሌ ለለቅሶ ሄጄ ከፊልቱ የመጣችውን ሐሊማን አገኘኋት። “አካም፣ ናጋ?” ብላ አቀፈችኝ። የሐይቁን ፎቶ ከስልኬ አውጥቼ አሳየኋት፤ ይቅር በይኝ አልኳት። ስልኩን ተቀብላ ጥቂት አየችውና መለሰችልኝ።

“የምን ይቅርታ ነው? ልጅ ሆኜ እዋሽ ነበር እኮ። እኔ ባሕር የት አውቄ!”

ልታጽናናኝ ነው ብዬ ፊቷን አየሁት። የምሯን ነበር።