ሲስተር ዘሃራና የእናቴ መድኃኒት

ባለፈው ሳምንት ጋሸና መገንጠያው ላይ ወደ ላሊበላ የሚሄድ መኪና ስጠብቅ፣ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት የመድኃኒት እንክብል ከፍታ ዱቄቱን በውሃ በጠበጠችና ለልጇ አጠጣችው። ያ አፍንጫ የሚቆነጥጥ የአሞክሳሲሊን ሽታ ከመኪኖች ጭስና ከምግብ ቤቶቹ የሽንኩርት ቁሌት መሀል ነጥሮ መጣና በሐሳብ ወዳደግኩበት ወደ ብልባላ ወሰደኝ፤ ሲስተር ዘሃራ ዘንድ።

ሲስተር ዘሃራ የብልባላ ጤና ጣቢያ ነርስ ነበረች። ከቆላው ወሎ የመጣች ቀጭን ሴት። ሻሿን ወደ ኋላ አጥብቃ አስራ፣ ነጭ ጋወኗን በወፍራም ሹራብ ላይ ደርባ፣ በጥቁር ላስቲክ ቦቲ ጭቃውን ስትሰነጥቀው ዛሬም ትታየኛለች። የደጋው ብርድ አልተስማማትም፤ ሁልጊዜ እጆቿን እንዳፋተገች ነው። አንድ ነገር ከያዘች ግን አትለቅም።

ያን ጊዜ እኔ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ፤ እናቴ ታናሽ ወንድሜን አርግዛ ነበር። ቶሎ ቶሎ ወደ ጓሮ ትወጣለች፤ ስትመለስ ከንፈሯን ነክሳ ግድግዳ ትደገፋለች። ለጎረቤት የምትለው "ብርድ መታኝ" ነው። በእኛ አገር ሴት ከዚያ በላይ አትናገርም፤ የቄስ ሚስት ደግሞ ጭራሽ። ለእርግዝና ክትትል ስትሄድ፣ እኔም ቀሚሷን ይዤ እንደቆምኩ፣ ሲስተር ዘሃራ በሩን ዘጋችና፣

"ብርድ የሚባል በሽታ እኔ ጋ የለም። ሽንትሽን ያቃጥልሻል?" አለቻት።

እናቴ አቀርቅራ፣ "አዎ" አለች፤ ድምጿ እንኳ በቅጡ አልተሰማም። ሽንቷ ሲመረመር ኢንፌክሽን ነበር። ሲስተር ለነፍሰ ጡር የማይጎዳውን አሞክሳሲሊን ሰጠቻትና፣ "ቢሻልሽም እስከ መጨረሻው ዋጪ" ብላ አስጠነቀቀቻት።

ተሻላት። ስለተሻላትም ተወችው። የቀረውን ለክፉ ቀን ብላ በጨርቅ ቋጥራ ሣጥን ውስጥ አኖረችው። ክፉው ቀን አልዘገየም፤ ወሩ ሳያልቅ ጎኗን እንደ ጦር ወጋት፣ አንቀጠቀጣት። ሣጥኑን አስከፍታ ያስቀመጠችውን ብትውጥ ወዲያው አስመለሳት። አባቴ ቄስ ምስጋናው ጸበል ሊወስዳት በቅሎውን ሲጭን፣ አክስቴ ሮጣ የጠራቻት ሲስተር ዘሃራ እያለከለከች ደረሰች። ግንባሯን ዳሰሰች፤ ጎኗን መታ መታ ስታደርገው እናቴ ጮኸች።

"ቄሴ፣ ጸበሉን አልከለክልም" አለችው አባቴን። "ግን በሽታው ኩላሊቷ ገብቷል፤ የሚውጡት መድኃኒት ብቻውን አይመልሰውም። ዛሬውኑ ላሊበላ ሆስፒታል መርፌ ካልጀመሩላት እሷንም ልጁንም እንዳናጣ።"

"መንገዱን በበቅሎ ትችለዋለች ብለሽ ነው?"

"አትችለውም። መኪና አስቆማለሁ።"

መንገዱ መሀል ገብታ ሁለት እጇን ዘረጋች። እህል የጫነ አይሱዙ ጥሩምባውን እያንባረቀ መጣና አፍንጫዋ ስር ቆመ። ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ "በሽተኛ አልጭንም፣ ዞር በይ!" አላት።

"እንግዲያው በእኔ ላይ እለፍ" አለችው። ንቅንቅ አላለችም። አባቴ እናቴን ታቅፎ ሲደርስ፣ ሾፌሩ የጋቢናውን በር ከፈተ።

ሆስፒታል በደም ሥሯ መርፌ ተሰጣት፤ ትኩሳቱ ለቀቃት። የሚዋጥ መድኃኒት ይዛ ስትመለስ ግን ሲስተር ዘሃራ በቃሏ ብቻ አላመነቻትም። ጠዋትና ማታ እየመጣች፣ ደጃፋችን ላይ ቦቲዋን አውልቃ፣ ስትውጥ ታያታለች፤ አፏንም ታስከፍታታለች።

"ሲስተር፣ እንደ ሕፃን?" ብላ እናቴ ሳቀች።

"ሕፃን ብትሆኚማ ትሰሚኝ ነበር።"

መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ ሽንቷን እንደገና መርምራ ንጹሕ መሆኑን ስታይ ብቻ መምጣቷን ተወች። ወንድሜ በጊዜው ተወለደ፤ የመጀመሪያ ክትባቱንም እሷው ወጋችው። ትንሽ ቆይቶ ወደ አገሯ ወደ ቆላው ተዛወረች። ከዚያ ወዲህ አይቻት አላውቅም።

በዚህ ጉዞዬ ብልባላ ደርሼ አባቴን ቤተ ክርስቲያን አገኘሁት። አርጅቷል። ጸበል ሊጠመቁ የመጡ ሴቶች ተሰልፈዋል። አንዷ ጎኗን ይዛ ፊቱ ስትቆም፣ ውሃውን ከማፍሰሱ በፊት ጎንበስ ብሎ፣

"ልጄ፣ ጤና ጣቢያ ሄደሻል? መድኃኒት ጀምረሽ ከሆነ እንዳታቋርጪ" ሲላት ሰማሁ።