በባዶው መስመር ላይ ነጥብ

መስቀል ካለፈ ወዲያ ትሩፋት እንቅልፍ አገኘች። ከየት መጣ ብላ አልጠየቀችም። ባሏ በንቲ በቀይ ሽብር ጊዜ ከቀበሌ ስብሰባ ላይ «ለአንድ ጥያቄ ትፈለጋለህ» ተብሎ ወጥቶ ከቀረ ወዲህ፣ ሌሊት ማለት ለእሷ ጣሪያ ማየት፣ ውሻ ሲጮህ ብድግ ማለት፣ መኪና ሲያልፍ ትንፋሽን መያዝ ነበር። በዚያ በ1976 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ግን ጭንቅላቷ ትራስ ከነካ ጀምሮ ተነስታ ፊቷን እስክትታጠብ ድረስ የሆነውን አታውቅም። ሕልም እንኳ የለም። ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ጥልቅ ነገር ብቻ።

ቀኑም አብሮ ተለወጠባት። ከሀና ማርያም በታች ካለው ቤቷ ተነስታ በማሳው መሃል ወደ ሳሪስ በምትወስደው ቀጭን መንገድ ስትሄድ፣ እግሯ ጥጥ ላይ የሚራመድ ይመስላታል። ጉሙ ከጤፉ ላይ ቀስ ብሎ ሲነሳ እሷም አብራው የምትነሳ እየመሰላት ትደነቃለች። አውቶቡስ ውስጥ መስኮቱን ተደግፋ ስታንጎላጅ ደግሞ ከኋላ ወንበር የበንቲን ሳቅ ትሰማለች፤ ያችን አፍንጫውን በእጁ ይዞ የሚስቃትን ሳቅ። ዘወር አትልም። ዘወር ካለች እንደምትጠፋ ታውቃለች። ንፋስ ስልክ ሲደርሱ ቲኬት ቆራጩ ትከሻዋን ነካ ያደርጋታል።

«እህቴ፣ ደረስን እኮ። ወይስ እዚሁ አልጋ እንዘርጋልሽ?»

ሥራዋ ከመንገዱ ገባ ብሎ፣ ከባሕር ዛፎቹ ኋላ ባለች አንዲት ላቦራቶሪ ነው። ሆስፒታል ራሱን የሳተ ሰው ሲገጥመው፣ ፖሊስም አሟሟቱ ያልታወቀ ሰው ሲያገኝ፣ ሽንቱን ወይም የጨጓራውን ፈሳሽ በጠርሙስ አሽገው ወደዚያ ይልካሉ። ምን ውጦ ነው? ጥያቄው ይኸው ነው። ትሩፋት ሽንቱ ውስጥ አሲድ ጠብ ታደርግና በክሎሮፎርም ትንጠዋለች፤ ክሎሮፎርሙ መድኃኒቱን ይዞ ወደ ታች ይዘቅጣል። እሱን አትንና የተረፈውን ጠብታ በቀጭን የብርጭቆ ቱቦ ነጭ ዱቄት የተለሰነ መስታወት ግርጌ ላይ ታስነካዋለች። ከዚያ መስታወቱን ትንሽ ፈሳሽ ያለበት፣ ክዳን ያለው የብርጭቆ ሳጥን ውስጥ ታቆመዋለች።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ መጠበቅ ነው፤ ትሩፋትም ከሥራዋ ሁሉ የምትወደው ይህንን ነው። ፈሳሹ ማንም ሳይገፋው በነጩ ላይ ሽቅብ ይወጣል። መድኃኒቶቹን ተሸክሞ አንዱን እታች፣ አንዱን መሃል፣ አንዱን ላይኛው ጫፍ አጠገብ እየተወ ይሄዳል። ያኔ ምንም አይታይም። መስታወቱ ደርቆ «ማውጫ» የሚሉት ቀለም አውጪ ፈሳሽ ሲረጭበት ግን የተደበቀው ይወጣል፤ የእንቅልፍ ኪኒን ከሆነ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ነጥብ፣ ልክ ማሳ ዳር እንደሚያብብ ትንሽ አበባ፣ ከነጩ ውስጥ ብቅ ይላል።

ታዲያ ከታማሚው መስመር ጎን ሁልጊዜ ሁለት ሌሎች መስመሮች ይኖራሉ። በአንዱ የታወቀው መድኃኒት ራሱ ይነካል፣ ማነጻጸሪያ እንዲሆን። በሌላው ምንም ያልወሰደ ጤነኛ ሰው ሽንት ይነካል። ይህንን «ባዶ» ይሉታል። ባዶው መስመር ላይ ነጥብ ከታየ ዕቃው ቆሽሿል ወይም አንድ ነገር ተዘበራርቋል ማለት ነው፤ የዚያ መስታወት ውጤት አይታመንም። ባዶ የምትሰጠው ደግሞ ትሩፋት ነች። የክፍሉ ኃላፊ ጋሼ ገብረ መድኅን የግፊት ኪኒን ይወስዳሉ። ከእሷ ጋር የሚሠራው ሸምሱ ሲመቸው ይቅማል። እሷ ግን ራሷን ሲያማት እንኳ ሻሽ አጥብቃ ታስራለች እንጂ አስፕሪን አትውጥም። ሸምሱ «ጓድ ባዶ» ብሎ ስም አውጥቶላታል።

ኅዳር ውስጥ አንድ ጠዋት፣ መንገድ ላይ ራሱን ስቶ የተገኘ ሰው ሽንት መጣ። ሠሩት። ሸምሱ መስታወቱን ረጭቶ ወደ መስኮቱ አነሳውና ደጋግሞ አገላበጠው።

«ትሩፌ፣ ነይማ እዪ።»

የሰውየው መስመር ነጭ ነው። ለማነጻጸሪያ የተነካው የእንቅልፍ መድኃኒት፣ ፌኖባርቢታል፣ ቦታው ላይ ወይን ጠጅ ሆኗል። ከጎኑ፣ በባዶው መስመር ላይ፣ በዚያው ከፍታ፣ ያንኑ የመሰለ ሁለተኛ ነጥብ ተቀምጧል። ትሩፋት መጀመሪያ ያሰበችው እንዴት ያምራል ብላ ነው።

«ታማሚው ጤነኛ፣ ጤነኛዋ ታማሚ» አለ ሸምሱ። «ሰውየውን ከአልጋው ላስነሳልሽ?»

«አሳስተህ ነክተህ ነው።»

«እኔ? ደግሞ በኔ እጅ መጣሽ? ይሄ እጅ እኮ በመርፌ ቀዳዳ ገመድ ያስገባል።»

ጋሼ ገብረ መድኅን መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መጡ፤ አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ባዶው ተናግሯል፤ ሌላው አይሰማም። ይደገም። ዶክተሩ ስልክ ይዞ እየጠበቀ ነው። የማን ሽንት ይሁን?»

«የኔ ይሁን፣ ጋሼ» አለ ሸምሱ።

«ያንተ? ትናንት ጉንጭህ ተወጥሮ አላየሁም?»

«የጫት ነገር በዚህ መንገድ አይወጣም እኮ። እሱ አሲዱን አይወድም፣ ውሃው ውስጥ ይቀራል። ለእንቅልፍ ኪኒን እኔ ገና የተወለደ ሕፃን ነኝ።»

ጋሼ ሳቃቸውን ዋጡትና ተደገመ። የሸምሱ መስመር ነጭ፣ የሰውየውም ነጭ። ሆስፒታሉ የእንቅልፍ ኪኒን አይደለም፣ ሌላ ፈልጉ ተባለ። የሰውየው ጉዳይ በዚህ አለቀ።

የትሩፋት ግን አላለቀም። በአዲስ ዕቃ፣ በሌላ ፈሳሽ፣ ብቻዋን ደግማ ሠራችው። ነጥቡ መጣ። እሷ ውስጥ ነው ያለው። ያልወሰደች ሰው ውስጥ ካለ ደግሞ የሚሰጣት ሰው አለ ማለት ነው። ዘመኑ እንዲህ ያለውን ነገር ሲያስቡት የሚያስበረግግ ዘመን ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ሻይ ይሆን? ግን ሻዩን ከአንድ ማንቆርቆሪያ ነው ሁሉም የሚጠጡት፤ ሸምሱ ደግሞ ንጹሕ ነው። ከመሥሪያ ቤት ውጪ የምትቀምሰው በቤቷ ብቻ ነው። ቤቷ ውስጥ ያለው አንድ ሰው ነው።

እማማ ገዲሴ የበንቲ እናት ናቸው። ልጃቸው ከቀረ ጀምሮ ሁለቱ ሴቶች በአንድ ጭቃ ቤትና በአንዲት ላም ይኖራሉ። አሮጊቷ ከልጅነታቸው የሚጥል በሽታ አለባቸው። ሉሚናል የሚባለውን ኪኒን ማታ ማታ አንዷን ፍሬ ይውጣሉ፤ ከጤና ጣቢያ እያመላለሰች የምታመጣላቸውም ትሩፋት ነች። ሉሚናል ደግሞ ያው ፌኖባርቢታል ነው። በዚያ በጋ አንድ አዲስ ልማድ አምጥተዋል፤ ፀሐይ ስትገባ አብሽ በጥብጠው፣ በማር አጣፍጠው፣ «ሆድሽን ያለሰልሰዋል፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» እያሉ ይሰጧታል። አብሽ ራሱ መራራ ነው። ሌላ ምሬት ቢጨመርበት ማን ያውቅበታል?

ከአብሹ ትንሽ በብልቃጥ ቀድታ ወሰደች። ነጥቡ መጣ፤ ወፍራም፣ ደማቅ።

አሁን የሚያስገርመው እዚህ ጋ ነው። ትሩፋት ያን ማታ ወደ ቤቷ ገብታ ምንም አልተናገረችም። ኩባያውን ተቀበለች፤ እያወቀች ጠጣችው። ከተናገረች እንቅልፉ ይሄዳል። ጥጡ መንገድ፣ ከኋላ ወንበር የምትመጣዋ ሳቅ፣ ሁሉም ይሄዳል። እማማ ገዲሴ አጠገቧ ተቀምጠው ኩባያው ባዶ እስኪሆን ሲያዩ፣ እጅጌያቸው ከፍ ብሎ ክንዳቸው ላይ የጠቆረ ነገር አየች።

«ምን ሆነው ነው፣ እማማ?»

«ላሚቱ ናት። ስታለብ አትቆምም፣ ረገጠችኝ።»

ላሚቱ እንደ አሮጊት መነኩሲት ዝም ያለች ላም ነበረች። ማንንም ረግጣ አታውቅም። ትሩፋት ግን እንቅልፏ እየመጣ ስለነበር ነገሩ በጆሮዋ ገብቶ እንደ ጠጠር ወደ ጥልቁ ወረደ።

ጠጠሩን ያገኘችው በማግስቱ አውቶቡስ ላይ ነው። የበንቲ ሳቅ ከኋላዋ መጣች፤ እሷ ግን አልሰማቻትም፤ ሌላ ነገር ታስብ ነበር። ኪኒኑ ከጤና ጣቢያ የሚመጣው ለአንድ ሰው በሚበቃ ልክ ነው። እሷ ከጠጣችው፣ እማማ ምን ይውጣሉ?

በዚያው ማታ ብልቃጥ ይዛ መጣች።

«እማማ፣ ጠዋት ሽንትዎን እዚህ ይስጡኝ።»

«ምኔን?»

«ሽንትዎን። መሥሪያ ቤት ልመረምርልዎ።»

እማማ ገዲሴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። «ሰው ከቤቱ ቅቤ ይዞ ይሄዳል፣ አንቺ ያማትሽን ሽንት ይዘሽ አውቶቡስ ልትሳፈሪ? ቢፈስስሽ ለሰዉ ምን ልትዪው ነው?»

«ጠላ ነው እላለሁ።»

«ጠላ ነው! ቅመሱ እንዳይሉሽ ብቻ!» አሉና እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ጠዋት ግን በጨርቅ ጠቅልለው ሰጧት። ለመደበቅ እንኳ አላሰቡም፤ ኪኒን አለመዋጡ ከሽንት ይታወቃል ብለው ከየት ያስቡት?

መስታወቱ ሲረጭ ትሩፋት ወይን ጠጇን ነጥብ እንዲያ አድርጋ ጠብቃ አታውቅም። ትንሽ እንኳ፣ ጥላ እንኳ ብትታይ። ሉሚናል ሰውነት ውስጥ ብዙ ቀን የሚቆይ መድኃኒት ነው። የእማማ ገዲሴ መስመር ግን ከግርጌ እስከ ጫፍ እንደ ታጠበ ነጠላ ነጭ ነበር። ከእሷ ከራሷ ባዶ ይልቅ ባዶ።

ሸምሱ ሊቀልድ አፉን ከፍቶ ፊቷን ሲያይ ዘጋው። «ሂጂ» አላት። «ለጋሼ እኔ እነግራቸዋለሁ።»

ከሳሪስ እስከ ቤቷ የሄደችው እንደ ጥጥ ሆኖ አልነበረም። ድንጋዩ ሁሉ ድንጋይ ነበር። ሜዳው በእኩለ ቀን ፀሐይ ነጭ ሆኖ፣ ራቅ ብሎ የጀሞ ተራራ ሰማያዊ ሆኖ ይታያታል፤ እሷ ግን የምታስበው የቤታቸውን ምድጃ ነው። ሰው እዚያ አጠገብ ሲወድቅ ማን ይጎትተዋል?

እማማ ገዲሴን ያገኘቻቸው ከበረቱ ደጃፍ ነው። መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ወተቱ ተደፍቶ በአፈሩ ላይ ነጭ መንገድ ሠርቷል፤ ላሚቱ አጠገባቸው ቆማ ፀጉራቸውን ታሸታለች። ትሩፋትን ቀና ብለው ሲያዩ ትንሽ ጊዜ ማን እንደሆነች አላወቋትም። ከንፈራቸው ጥግ ደም አለ።

«መሸ እንዴ?» አሉ በመጨረሻ።

«አልመሸም፣ እማማ።» አጠገባቸው ተቀመጠች፤ አፋቸውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላቸው። እስኪረጋጉ ጠበቀች። ከዚያ «ኪኒንዎን እኔ ነኝ የምጠጣው» አለች።

አሮጊቷ አልካዱም።

«ፀበል ተጠምቄ በሽታው ትቶኝ ነበር። ለረጅም ጊዜ አልጣለኝም» አሉ። «የፀበሉ አባ እንኳ መድኃኒትሽን እንዳትተዪ ብለውኛል። እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት። ለኔ ምን ያደርግልኛል፣ ለሷ ይሁን ብዬ። ያ ኪኒን እንቅልፍ እንደሚያመጣ አውቃለሁ፣ ስንት ዓመት ውጬዋለሁ።»

«አንድ ቃል ሳይነግሩኝ?»

«ብነግርሽ ትጠጪ ነበር? አስፕሪን የማትውጪ!» ድንገት ተቆጡ። «በግድግዳው በኩል የምሰማሽ እኔ ነኝ። ስትገላበጪ፣ ስትነሺ፣ ስሙን ስትጠሪ። ልጄን ወሰዱት። አንቺን ደግሞ በቁምሽ እያለቅሽ ማየት ነበረብኝ? አሁን እኮ ትተኛለሽ። ጉንጭሽ ሞላ። ወተቱ ይደፋ፣ ምን አለበት።»

ትሩፋት ልትቆጣ ፈለገች፤ ቁጣው አልመጣላትም። ስሙን እንደምትጠራ አታውቅም ነበር። በዚያ ቤት ውስጥ በንቲ የሚለውን ስም በቀን ብርሃን ያወጣ ሰው ከስንት ጊዜ ወዲህ አልነበረም፤ ሁለቱም አንዷ ሌላዋን እንዳታስለቅስ እየተጠነቀቁ።

«እኔ እንቅልፍ ባጣ እደክማለሁ» አለች። «እርስዎ እሳት ላይ ቢወድቁ ግን ማን ይቀረኛል?»



በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄዱ፤ ሐኪሙ ተቆጣና ኪኒኑን እንደገና አስጀመራቸው። ታኅሣሥ አልፎ ጥር ሲገባ ትሩፋት ሁለቱን ሽንት በአንድ መስታወት ላይ ጎን ለጎን ነካች። የአሮጊቷ መስመር ወይን ጠጅ አበበች። የእሷ ነጭ ቀረ።

«እንኳን ደህና ተመለስሽ፣ ጓድ ባዶ» አለ ሸምሱ። «ሽንቴን ለመንግሥት መስጠት ሰልችቶኝ ነበር።»

እንቅልፉ እንደፈራችው ሳሳ። ውሻ ሲጮህ ትነቃለች። አውቶቡስ ላይ አታንጎላጅም፤ ከኋላ ወንበር የሚሰማው የተሳፋሪ ወሬ ብቻ ነው። ሕልም ግን ተመለሰ። ሉሚናሉ ዘግቶት የነበረው በር የተከፈተ ይመስል በብዛት፣ በቀለም፣ በድምፅ መጣ።

ሕልሙ በተመለሰ በመጀመሪያው ዕለት ወደ ማታ፣ ፀሐይ ወደ ጀሞ ስታዘቀዝቅ፣ ሁለቱ ደጃፍ ላይ አብሻቸውን ይዘው ተቀምጠው ነበር። በአንዱም ኩባያ ውስጥ ከማር በቀር የተጨመረ የለም።

«እማማ፣ በንቲን አየሁት።»

አሮጊቷ ኩባያውን መሬት አስቀመጡ። «የት?»

«በሕልሜ። ላሚቱን እየነዳ በጉሙ ውስጥ ሲመጣ።»

«ከስቷል? ምን ለብሷል? ስለኔ ጠየቀሽ?»

ትሩፋት ከቀሚሷ ኪስ ኪኒኑ የተጠቀለለበትን ወረቀት አውጥታ ፈታችው፤ ኪኒኗን በመዳፏ ላይ አድርጋ ዘረጋችላቸው። «መጀመሪያ ይቺን ይዋጡ፤ ከዚያ እነግርዎታለሁ።»

እማማ ገዲሴ ኪኒኗን አዩ፤ ትሩፋትን አዩ። አንስተው አፋቸው ውስጥ ጣሏት፤ በአብሹ አወራረዷትና እንደ ልጅ አፋቸውን ከፍተው ምላሳቸውን አሳዩአት።

«ዋጥኩ። በይ አሁን፣ ምን ለብሶ ነበር?»