በካሶኔውና በተሳቢው መካከል

ላይል ስትራውድን የሚያውቁ ሰዎች ስለ እሱ ሲያወሩ ከዓይኑ ይጀምራሉ። ዕድሜውን ከብረት የሚሠራ የእህል ጎተራ ሲበይድ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ፣ ከሚስቱ ከዋንዳ ጋር ቤቱን ሸጠው በፒክአፕ የሚጎተት ተሳቢ ቤት ገዙ። በየዓመቱ ብርዱ ሲገባ ኔብራስካን ለቀው አሪዞና በረሃ፣ እንደነሱ ያሉ ጡረተኞች ከሚሰባሰቡበት ሰፈር ይከርማሉ። እዚያ ለአሥራ አንድ ዓመት ላይል ሳያየው የወጣ ተሳቢ አልነበረም። ከሩቅ ቆሞ አንድ ዓይኑን ጨፈን ያደርግና «አፍንጫው ሁለት ኢንች ቀና ብሏል» ይላል። ሜትር ሲዘረጋ ልክ ሁለት ኢንች ይሆናል።

ተሳቢን ከመኪና ጋር ቀጥ አድርጎ ማገናኘት ለማያውቀው ቀላል ይመስላል። የተሳቢው አፍንጫ በፒክአፑ የኋላ መጫኛ፣ በካሶኔው መሃል በታሰረው መያዣ ላይ ይቀመጣል። መኪናው ከተሳቢው ከፍ ካለ ተሳቢው ወደ ኋላ ይንጋለልና ክብደቱ ሁሉ የኋላ ጎማዎቹ ላይ ይወድቃል። መያዣውን ዝቅ ቢያደርጉት ደግሞ የተሳቢው ሆድ ከካሶኔው ግድግዳ ጋር ይቀራረብና ጎድጓዳ ቦታ ላይ ይጋጫል። «ቀጥ ማለቱ ግማሹ ነው፤ ስድስት ኢንች ክፍተት ደግሞ ሌላው ግማሽ» እያለ ላይል ስንቱን አስተምሯል።

ዘንድሮ ግን ዴል ራከርት መጣ። ሚስቱ የሞተችበት፣ ቁመናው ያማረ፣ ከላይል ስምንት ዓመት የሚያንስ ሰው ነው። መኪናው የሰፈሩን መኪና ሁሉ በቁመት ይበልጣል፤ ተሳቢው ግን እንደ ጠረጴዛ ቀጥ ብሎ ነው የገባው። እንዴት ቢሉት፣ መያዣውን ሳይነካ ተሳቢውን ራሱን ጋራዥ ወስዶ ከፍ እንዳስደረገው ነገራቸው። በሁለተኛው ሳምንት ሰዎች ውሃ ልካቸውን ይዘው ወደ ዴል መሄድ ጀመሩ። የሰማንያ ዓመቷ ኦፓል፣ ላይል ዓመት በዓመት የሚለካላት ሴትዮ፣ በሩን አልፋ ወደ ዴል ስትሄድ በመስኮት አያት።  ከዚያ ቀን በኋላ የሰውየው ሳቅ እንኳን ያመው ነበር። የዴል ተሳቢ ዘመም ብሎ ባየሁት እያለ ጠዋት ጠዋት ደጁ ላይ ያንዣብባል። ዘመም የሚል ነገር ጠፋ።

የባሰው ነገር ከዋንዳ መጣ። ላይል ከሁለት ዓመት በፊት ከፍ ያለ አዲስ ፒክአፕ ከገዛ ጀምሮ የራሳቸው ተሳቢ አፍንጫውን እንደቀሰረ ነው። መንገድ ላይ ፍሪጁ እየተከፈተ ወተቱ ይደፋል። የሰው ሲያስተካክል የራሱን ነገ ዛሬ እያለ ትቶት ነበር። ወደ ኔብራስካ ሊመለሱ ሦስት ቀን ሲቀራቸው ዋንዳ እራት ላይ ነገሩን አነሳችው።

«ዴልን ጠየቅሁት» አለችው።

«ምኑን?»

«የፍሪጁን ነገር ነዋ። ተሳቢውን ከፍ አስደርጉት ነው የሚለው።»

«የቤቴን ገመና ለሱ ታወሪያለሽ?»

«ላንተማ ሁለት ዓመት ሙሉ አወራሁልህ እኮ» አለችና ድንቹን አቀረበችለት።

ላይል ያንን ድንች አልቀመሰውም። ጋራዥ መውሰድ ማለት ዴል ያለውን መፈጸም ማለት ነው። በማግስቱ ዋንዳ ልብስ ልታጥብ ስትሄድ ካሶኔው ላይ ወጣና መያዣውን ሁለት የብሎን ቀዳዳ ያህል ዝቅ አድርጎ አሰረው። ተሳቢው ቀጥ አለ። ክፍተቱን ሲለካው ሦስት ኢንች ሆነ። ደግሞ ለካው፤ ያው ሦስት ነው። ሌላ ሰው በሦስት ኢንች እወጣለሁ ቢለው መንገዱ ላይ ተጋድሞ ያስቀረው ነበር። ሜትሩን ኪሱ ከተተና ዋንዳን ጠርቶ ቀጥ ማለቱን አሳያት። ጎበዝ ስትለው አንድ ክረምት ሙሉ የናፈቀውን ያገኘ መሰለው።

የሰፈሩ መውጫ ላይ ደረቅ ወንዝ የሚያልፍበት ጎድጓዳ አለ። አንድ ሰው ሲሄድ ሁሉም ሊሸኘው ይወጣል፤ አንዱ ጎድጓዳው ዳር ቆሞ ክፍተቱን ያያል። እጁን ካነሳ ነጂው ይቆማል፤ ክርክር የለም። ለሰፈሩ የሚቆመው ላይል ነው፤ ለላይል ደግሞ ዋንዳ። እነሱ በሚሄዱበት ቀን ግን ዋንዳ ወገቤን አሞኛል ብላ ዴልን እንዲቆምላቸው ለምናው ነበር። ላይል ይህን የሰማው ሞተሩን ካስነሳ በኋላ ነው።

ጎድጓዳው አፋፍ ሲደርስ የዴል እጅ ወደ ላይ ተነሳ። ላይል አየው። በዋንዳ ፊት፣ በሰው ሁሉ ፊት ሊያስቆመኝ ነው አለ በልቡ፣ ነዳጁንም ረገጠው። የፊት ጎማዎቹ ወርደው የመኪናው አፍንጫ ወደ ላይ ሲቀና ከኋላ ቆርቆሮ የሚቀደድ ድምፅ መጣ። የተሳቢው ሆድ ሁለቱን የካሶኔ ግድግዳዎች ጨፍልቆ ላያቸው ላይ ተቀምጧል። ከካሶኔው በላይ የሚያርፈው የመኝታ ቤታቸው ወለል ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል። ሌላ ቤት የላቸውም።

ሸኚው ሁሉ ተሰበሰበ። ዴል ፊቱ ገርጥቶ «እጄን ዘግይቼ ነው ያነሳሁት። ጥፋቱ የኔ ነው» አለ።

ላይል ክረምቱን ሙሉ ሲመኘው የኖረው ይህንኑ ነበር። እንዲህ በነፃ ሲቀርብለት «አዎ፣ ትንሽ ዘግይተሃል» አለ። ዋንዳ ግን መኪናው ውስጥ ከጎኑ ተቀምጣ የዴል እጅ ሲነሳ አይታለች። ከመኪናው ወርዳ ዕቃ ማውጣት ጀመረች።

ከሰዓት በኋላ ኦፓል የሾርባ ድስት ይዛላቸው መጣች። ላይል ወንበር ላይ ተቀምጦ «መቼም ያጋጥማል፤ ዴልን አትውቀሱት» አላት።

ኦፓል ድስቱን አስቀመጠችና አየችው። «አንተ ልጅ፣ ሁላችንም እኮ እዚያው ቆመን ነበር። እጁ የተነሳው ገና አንድ ጎማህ ሳይወርድ ነው። እውነቱን አንተው ትለዋለህ ብለን ዝም አልን።»

ዋንዳ ጀርባዋን ሰጥታ ሳህን ትጠቀልላለች፤ ዞር እንኳን አላለችም። ላይል ተነስቶ ከጎድጓዳው ብዙም የማይርቀውን የዴልን በር አንኳኳ። ሲከፈትለት ዓይኑ መጀመሪያ ያረፈው ቀጥ ባለው ወለል ላይ ነው። አሁንም ቀናበት።

«እጅህን አይቼው ነበር» አለው፣ ዋንዳ እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ከዚያ በሕይወቱ ለማንም ብሎት የማያውቀውን ነገር አለ። «ና፣ ተሳቢዬን ለካልኝ።»