የፊቱ ፍሬን የእኔ፣ የኋላው የእሷ

እኔና ባለቤቴ የተለያየነው በሰላም ነው። እንደዚያ ነው የሚባለው። ነገሩን የፈለሰፈው ሰው ተለያይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ልጅ የለንም፤ ቤቱም የኪራይ ነው፣ ካዛንቺስ ሲፈርስ ከተረፈ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ። ያፈራነው የቤት ዕቃና አንዲት ትንሽ መኪና ነው። ቂርቆስ፣ አጎቷ ቤት የተቀመጡት ሦስት ሽማግሌዎች ዕቃውን ለእኔ፣ መኪናዋን ለእሷ አሉ። እሷ ጅማ እህቷ ዘንድ ልትኖር ነው፤ ሥራም አግኝታለች። የምትሄደውም በመኪናዋ ነው።

እዚያ ላይ ተነስተን ብንሄድ ጥሩ ነበር። እኔ ግን አፌ አያርፍም።

«በዚህ ፍሬን ጊቤን አትወርድም» አልኩ።

አልዋሸሁም። ፍሬን በተያዘ ቁጥር መኪናዋ ትጮህ ነበር፤ የጊቤ ቁልቁለት ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ዋጋውንም አስቀድሜ ጠይቄያለሁ። የፊቱ የፍሬን ሸራ ከነዲስኩ፣ የኋላው ሸራ፣ ዘይቱ፣ የመካኒኩ የእጅ ዋጋ ተደምሮ የወር ደሞዜን ጠራርጎ ይወስዳል። የክብሪት ቀፎ ለምታክል መኪና!

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንደኛው «መኪናው የእሷ ከሆነ ፍሬኑም የእሷ ነው» አሉ። ሁለተኛው፣ ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የለም። ሸራው ያለቀው አብረው ሲኖሩ ነው። የጨረሱት ሁለቱም ናቸው፤ ሁለቱም ይክፈሉ።»

«ሙሉውን እኔ እከፍላለሁ» አልኩ።

ሦስቱም ዞረው አዩኝ። ጠዋት ሙሉ ስለ አንድ ብረት ድስት ሲሟገት የነበረ ሰው ድንገት ቸር ሲሆን ማን ያምነዋል? እሷም አላመነችኝም። «የማንም ውለታ አልፈልግም» አለች። ሰዓቱ ነጎደ፣ ምሳ ቀረበ፣ ተበላ። በመጨረሻ ሾፌሩ ዳኙን፤ የፊቱን ፍሬን እኔ፣ የኋላውን እሷ።

እንዳትሄድብኝ ነበር የፈለግኩት። ጊቤን መፍራቴም እውነት ነው፤ ግን መኪናዋ ጋራዥ እስከቆመች ድረስ እሷም አዲስ አበባ ናት ብዬ አስቤ ነበር። መካኒክ ደግሞ ነገ እያለ ሳምንት ያቆያል። የእኛ መካኒክ ግን፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ይሆናል፣ በቀጠሮው ቀን ጨረሰ። እንደ ደንቡ አሮጌውን ሸራ አውጥቶ አሳየን፤ ብረቱ ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረውም ነበር። እሷ ዘወር ስትል ጠጋ አልኩት።

«ሌላ የሚሠራ ነገር የላትም? እስቲ ከስር እያት።»

«ጋሼ፣ ደህና ናት አልኩህ እኮ። በቃ፣ የትም ብትነዳት ችግር የለም» አለኝ። ከዚያ ለየብቻ ስንከፍለው ግራ ገብቶት አንዴ እኔን አንዴ እሷን ያይ ጀመር።

ፍሬኑን ለመሞከር ከካዛንቺስ ወደ መስቀል አደባባይ ቁልቁል ወረድን። እሷ ትነዳለች፣ እኔ ከጎኗ። መንዳት ያስተማርኳት እኔ ነኝ፣ በዚችው መኪና፤ እስከ ዛሬ ግን ከጎኗ ስቀመጥ ቀኝ እግሬ ወለሉን ይረግጣል። መብራቱ ቀይ ሲሆን ረገጥኩ።

«እግርህን አሳርፍ። እዚያ ጋ ፍሬን የለም» አለች። ድሮ ይህን እየሳቀች ነበር የምትለው።

መኪናዋ ያለ ምንም ድምፅ ቆመች። እንደዚያ ቀጥ ብላ መቆሟ አናደደኝ።

«አዲስ ሸራ እስኪለምድ ከተማ ውስጥ ቀስ ብሎ መንዳት ይሻላል» አልኩ።

«ስንት ቀን?»

«አንድ ሳምንት። ወር ቢሆን ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው።»

ሳቅ አለች። መብራቱን አልፋ ዳር ይዛ አቆመች። ሁለት እጇ መሪው ላይ ነበር።

«አትሂጂ» አልኳት።

ወደ እኔ አልዞረችም። እንባዋ ሲወርድ ግን ከጎን ይታየኛል።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ይሄን እንድትለኝ ጠበቅኩ» አለች። «አሁን ደከመኝ። ማለቴ፣ ጠልቼህ አይደለም። በቃ ደከመኝ።»

ሞተሩን አስነስታ ካዛንቺስ በራችን ላይ አወረደችኝ፤ እሷ ወደ አጎቷ ቤት ሄደች።

በማግስቱ ማለዳ ወጣች። እኔም እንደ ሰው ለብሼ ለገሃር ቢሮዬ ገባሁ። ወረቀት አገላብጣለሁ፤ የማነበው ግን መንገዱን ነው፤ አሁን ወሊሶ፣ አሁን ወልቂጤ። ወደ ቀትር ላይ ከፊቴ የምትቀመጠው የሥራ ባልደረባዬ ቀና ብላ አየችኝ።

«ምን ሆነሃል? ጠረጴዛው እየተንቀጠቀጠ እኮ ነው።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ቀኝ እግሬ ወለሉን እየረገጠ ነበር። ለማንሳት ሞከርኩ፤ ጊቤ ላይ ናት፣ እንዴት ላንሳው? እንደረገጥኩ ቆየሁ።

ከሥራ ልንወጣ ስንል ስልኬ ላይ መልእክት ገባ። «ደረስኩ። ፍሬኑ በጣም ጥሩ ነው» ይላል።

«ተመስገን» ብዬ ላክሁላት። ከዚያ እግሬን ከወለሉ አነሳሁና፣ ባልደረባዬ እያየችኝ፣ አለቀስኩ።