አልምልም ያሉት አማቴ

ይህ የሆነው በፈረንጆቹ 2000ዎቹ አጋማሽ፣ ሜልበርን ውስጥ ካርልተን ካሉት ረጃጅም የመንግሥት ፎቆች በአንዱ ስንኖር ነው። ዓመታት አልፈዋል፤ ልጄም አድጋለች። ግን ሰው መጠርጠር ባማረኝ ቁጥር (ደግሞ ብዙ ጊዜ ያምረኛል) ያቺ ሳምንት ፊቴ ላይ ድቅን ትላለች። ተናግሬው ይውጣልኝ ብዬ ነው የጻፍኩት።

ልጄ ሂክማ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። የሰው ልጅ ውሻ ይላል፣ ድመት ይላል፤ የኔዋ እንሽላሊት አማራት። ከላይብረሪ ባመጣችው መጽሐፍ ላይ እንደ ነብር ነጠብጣብ ያላት፣ ሌፐርድ ጌኮ የምትባል አይታ በቃ እሷን ካላመጣችሁ አለች። የእንስሳት መሸጫው ሰውዬ ግን "እሷ የውጭ አገር ናት፤ አውስትራሊያ ውስጥ ማሳደግ ክልክል ነው" አለንና ወፍራም ጭራ ያላት የዚሁ አገር ጌኮ አሳየን። ለሷም ቢሆን ላይሰንስ ያስፈልጋል አለ። ወይ ጉድ! ለእንሽላሊት ላይሰንስ! ሰውዬው የሆነ ነገር ሊበላን ነው ብዬ ሌላ ሱቅ ሄጄ ጠየቅሁ። እውነቱን ነው አሉኝ። እንግዲህ እኔ እንዲህ ነኝ።

ቤቷን ማዘጋጀቱ ሙሽራ የመቀበል ያህል ነበር። የመስታወት ሳጥን፣ ከሥሩ በአንድ በኩል ብቻ የሚነጠፍ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ፣ ሙቀቱን የሚቆጣጠር ቀይ መብራት ያለው ትንሽ ዕቃ፣ ቀን የምትተኛበት ዋሻ፣ ቆዳዋን ስትቀይር የምትገባበት እርጥብ ጎሬ። ምግቧ ደግሞ በሕይወት ያለ ፌንጣ ነው፤ እሱም ነጭ የካልሲየም ዱቄት ተነስንሶበት። ሰውዬው ሁለት ነገር አጥብቆ ነገረን። አንደኛ፣ በክረምት ሙቀቱ እንዳይቋረጥ፤ ከበረዳት የበላችው አይፈጭላትም። ሁለተኛ፣ በጭራዋ እንዳትይዟት፤ ከደነገጠች ጭራዋን ጥላው ትሄዳለች፤ በኋላ ግን ይበቅላል።

ሂክማ ኩኪ ብላ ስም አወጣችላት። እኔም ጣቴን ቀስሬ "አንድ ቀን በጭራዋ ይዘሻት ባይ፣ በማግስቱ ወደ ሱቁ ትመለሳለች!" አልኳት። ልጄ እንደዚያ ስትታዘዝ አይቼ አላውቅም። ጠዋት ከነቃችበት ጀምሮ ወሬዋ ስለ ኩኪ ነው። ውሃ ትቀይራለች፣ ሙቀቱን አንብባ በደብተሯ ትጽፋለች። ለመጀመሪያ ጊዜ የኔ የምትለው፣ በሷ እጅ የሚኖር ነገር አገኘች።

በሁለተኛው ወር አማቴ እማማ ዘሃራ ከኮምቦልቻ ሊጠይቁን መጡ። የሦስት ወር ቪዛ ነበራቸው። ሳሎን ገብተው ሳጥኑን ገና ሲያዩ "አዑዙ ቢላህ!" ብለው ነጠላቸውን ሰበሰቡ።

"ነጃት፣ ይቺን ነው እንዴ ቤት ውስጥ ያስቀመጣችሁት? ነቢዩላህ ኢብራሂም እሳት ውስጥ ሲጣሉ እሳቱን እፍ ያለችው እኮ የሷ ዘር ናት! እኛ ዘንድ ስትገኝ ትገደላለች፤ አላህ ዘንድ አጅር፣ ምንዳ አለው" አሉ።

ሂክማ አማርኛ በደንብ ትሰማለች፤ መልሷ ግን እንግሊዝኛ ነው። "ኖ! ኖት ኩኪ!" ብላ ሳጥኑን አቀፈችው። ባሌ ሙስጠፋ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። እኔም አዲስ አበባ መድረሳ ቁርዓን ስቀራ ይህንኑ ሰምቼ ነው ያደግሁት። አንድ የወሎ አሮጊት አጅር ያለው ነገር ከፊታቸው ተቀምጦ ዝም ይላሉ? ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ዓይኔን ከሳቸው አልነቀልኩም።

ማስረጃው ወዲያው መምጣት ጀመረ። ከሥራ ስመለስ የማሞቂያው ገመድ እኔ ከምሰካበት ተነቅሎ፣ ፍሪጁ አጠገብ ካለው ሶኬት ተሰክቶ አገኘሁት። መልሼ ሰካሁት። በማግስቱ አሁንም ፍሪጁ ጋ ነው። ሂክማ ትምህርት ቤት፣ ሙስጠፋ ታክሲው ላይ ነው። የቀረ ሰው አለ? ሌላ ቀን ደግሞ ሳያስቡኝ ስገባ፣ እማማ ሳጥኑ ፊት ተንበርክከው አፋቸውን ወደ መስታወቱ አስጠግተው ሲያንሾካሽኩ ደረስኩ። ሲያዩኝ ብድግ አሉ።

"ምን እያሉ ነው እማማ?" አልኳቸው።

"ምንም። ጉልበቴን አሞኝ ነው" አሉ።

ጉልበቱን ያመመው ሰው ይንበረከካል? ሐሙስ ጠዋት ለአንዲት ጓደኛዬ ስልክ ደውዬ "የኔ እህት፣ እኔ ሥራ ስሄድ ይገድሏታል። ቀን ነው የሚጠብቁት" አልኳት። ሂክማ ከመኝታ ቤት በር ጀርባ ጫማዋን ስታስር እንደነበረ ልብ አላልኩም።

ያን ቀን ኦቨርታይም ሠርቼ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ስገባ ሳጥኑ ተከፍቷል። ኩኪ የለችም። ከሶፋው ሥር የኩኪ ጭራ ብቻውን ወድቋል።

ዓይኔ ደም ለበሰ። ሂክማ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ጭራውን አይታ ነው የደነገጠችው አልኩ። እማማ ወንበራቸው ላይ ሆነው ሙስበሃቸውን ይቆጥራሉ።

"እማማ፣ እንሽላሊቷ የት ሄደች?"

"ታገሺ ልጄ።"

"ምኑን ነው የምታገሠው? ገደሏት?"

"አልገደልኳትም።"

ምላሴ በተቆረጠ! እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ግን እልህ ያዘኝና ከመደርደሪያው ላይ ቁርዓን አውርጄ ፊታቸው አስቀመጥኩ። "እንግዲያው እጄ አልነካትም ብለው ይማሉልኝ" አልኳቸው። የባሌን እናት፣ ሰባ ዓመት የሞላቸውን ሴት፣ በልጄ ፊት።

እማማ ቁርዓኑን አዩ። ቀጥለው ሂክማን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው "አልምልም" አሉ።

"በቃ! ሰማሽ ሂክማ? ሰማሽ አይደል?" ብዬ ጮህኩ። ልጅቷ ሮጣ መኝታ ቤት ገባች።

ሙስጠፋ ሲመጣ ቤቱ ተናወጠ። ማታውኑ እናቱን ፉትስክሬይ እህቱ ቤት ወሰዳቸው። እማማ ነጠላቸውን ሆዳቸው ላይ ጥብቅ አድርገው ይዘው ሊፍት ውስጥ ሲገቡ አየኋቸው። ማፈራቸው ነው ብዬ በሩን ዘጋሁት።

ሂክማ አርብም ቅዳሜም እህል አልቀመሰችም። ለኩኪ አዝና ነው ብዬ "ሌላ እገዛልሻለሁ" አልኳት። ቅዳሜ ከሰዓት እኔ ዩኒፎርሜን ልተኩስ ካውያዬን አመጣሁና እንደ ልማዴ ከሶኬቱ ላይ ያለውን ገመድ ነቅዬ ካውያውን ሰካሁ። ሂክማ አየችኝና እሪ ብላ አለቀሰች።

"ዩ ኦልዌይስ ዱ ዛት!" አለች። ሁልጊዜ እንዲህ ታደርጊያለሽ ማለቷ ነው። ከዚያ ተንሰቅስቃ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ዘረገፈችው።

ለካ ጠዋት ጠዋት ልተኩስ ስል የኩኪን ማሞቂያ የምነቅለው እኔ ነኝ። መልሼ ሳልሰካ ሮጬ ሥራ እሄዳለሁ። እማማ ቀዩ መብራት ሲጠፋ እያዩ፣ ገመዱን እኔ ካውያዬን ወደማልሰካበት ሶኬት የሚወስዱት እሳቸው ናቸው። ማንበብ አይችሉም፤ ግን የልጅ ልጃቸው መብራቱን እንዲጠብቁላት ነግራቸዋለች። ተንበርክከው የሚያንሾካሽኩትም "እኔ ሳልኖር አዋሪልኝ" ስላለቻቸው ነው። ሐሙስ ጠዋት ሂክማ ስልኬን ሰማች፤ ይገድሏታል ስል። ከትምህርት ቤት እንደመጣች ኩኪን ልትደብቃት ብላ ቀጨም አደረገቻት፤ ጭራው እጇ ላይ ቀረ። ስትጮህ የደረሱላት እማማ ናቸው።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት።

"ወደ ሱቁ ትመልሻታለሽ" አለችኝ። ይህን በአማርኛ ነው ያለችው።

ካውያውን ነቅዬ፣ ልጄን ይዤ በትራምና በባቡር ፉትስክሬይ ሄድኩ። መንገዱ አላልቅ አለኝ። የባሌ እህት በሩን ስትከፍት "ጥሩ ሰዓት መጣሽ፤ እማዬ ሆዷን ሳያማት አልቀረም። ሁለት ቀን ሙሉ ይዛው ነው የምትውለው" አለች።

እማማ ሂተሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ሂክማ ሮጣ ነጠላቸውን ገለጠችው። ክዳኑ በመርፌ የተበሳሳ የቅቤ ዕቃ ሆዳቸው ላይ አለ፤ ውስጡ ጭራ የሌላት ኩኪ በጥጥ ላይ ተኝታለች። ሲያዩዋት የሚሰቀጥጣቸውን፣ ግደሉ ሲባሉ ያደጉትን ፍጥረት በገላቸው እያሞቁ ሁለት ቀን አሳድረዋታል።

እግራቸው ላይ ወደቅሁ። "እማማ፣ ለምን አልነገሩኝም? ለምን አልማሉልኝም?" አልኩ።

"ምን ብዬ ልማል? እጄ ነክቷታል እኮ" አሉ። "ደግሞ ልጅቱ አማና፣ አደራዋን ሰጠችኝ። ጭራዋ እስኪበቅል ለማንም እንዳትነግሪ አለችኝ። የልጅ አማና አይቀልም ነጃት።"

አውፍ ብለው ይቅር አሉኝ፤ ያውም ልመናዬን ሳልጨርስ ነው። ያን ቀን አብረውን ካርልተን ተመለሱና የቀረችውን ጊዜያቸውን ከኛ ጋር ጨርሰው አገራቸው ገቡ። ኩኪም ብዙ ዓመት ኖረች። እማማ እስከ ዛሬ ያቺን ቀን አንስተውብኝ አያውቁም፤ እኔ ግን ስልክ ላይ ድምፃቸውን በሰማሁ ቁጥር ያ ቁርዓን ፊታቸው ላይ ሲቀመጥ ይታየኛል። አፍራለሁ።

ከሱ በላይ የሚያቃጥለኝ ግን ሌላ ነው። ሂክማ ዛሬ ትልቅ ሴት ናት። ትወደኛለች፤ በየሳምንቱ ትመጣለች፣ እጄን ስማ ትቀመጣለች። ግን የሆነ ነገር ሲያስጨንቃት ስልኳን ይዛ በረንዳ ትወጣና ኮምቦልቻ ትደውላለች። በመስታወቱ በኩል ስታለቅስም ስትስቅም አያታለሁ። ለኔ የምትነግረኝ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው።